የቆላ ቤት ቀዝቃዛ ሻይ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደሴ የተጓዙ እንደ ሆነ ይህን ነገር በሚገባ ያውቁታል። ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ጋቢ ደርበው፣ የመኪናውን መስኮት ዘግተው ያልፋሉ። ዋሻውን ወጥተው፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትተው ቁልቁል ሲጠማዘዙ ግን ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፤ ኮቱ ይከተላል፤ መስኮቱም ይከፈታል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሸዋ ሮቢት ሲገቡ፣ ያሉበት ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሰው አስቀድሞ የሚመኘው ምግብ ሳይሆን ቀዝቃዛ መጠጥ ነው።

መንገደኛው ጥሙን አርክቶ ይሄዳል። በቀወትና በይፋት ቆላ የሚኖረው ሰው ግን ከሙቀቱ ጋራ ይውላል፤ ያድራልም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሰል አያይዞ ሻይ ማፍላት ቤቱን ምድጃ ማድረግ ነው። ታዲያ ሻይ ያለ እሳት ይጠጣልን? ይሉ ይሆናል። አዎን፣ ይጠጣል፤ ነገር ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለው።

ሻይ በቀዝቃዛ ውሃ

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ጃፓኖች አረንጓዴ ሻይ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው መጠጣትን ያውቁበታል፤ ስሙንም ሚዙዳሺ ይሉታል። የእኛም አገር ሻይ፣ በካፋ ቦንጋ አጠገብ ከሚገኘው ከውሽውሽም ይምጣ፣ በኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ካለው ከጉመሮ፣ ለዚህ ሥራ ይሆናል።

የፈላ ውሃ የቅጠሉን ቀለም፣ ሽታና ምሬት ባንድ ጊዜ ይነጥቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ቀስ እያለ ይወስዳል፤ ምሬትን የሚያመጣው ታኒንና ልብን የሚያነቃው ካፌይንም ባነሰ መጠን ይወጣሉ። ስለዚህ መጠጡ ለስለስ ያለ ይሆናል፤ ብዙ ስኳርም አይሻም። ደግሞም ጠንካራ ትኩስ ሻይ በድንገት ሲቀዘቅዝ ካፌይኑና ታኒኑ እርስ በርሳቸው ተያይዘው መጠጡን ያደፈርሱታል። በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈው ግን እንደ ጠራ ይቈያል።

ውሃው ግን እሳት ይይ

ማስጠንቀቂያው ይህ ነው። ሻዩ እሳት አያስፈልገውም ማለት ውሃው እሳት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ዘወትር ሻይ ስናፈላ ሳናስበው ውሃውንም እናነጻለን፤ ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡ ተሕዋስያን በመፍላቱ ይሞታሉ። እሳቱን ስናስቀር ይህ ጠባቂያችን አብሮ ይቀራል። ከወንዝም ሆነ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ለዐይን ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለምን? ተቅማጥ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በሕፃናት ላይ ነው።

በሸዋ ሮቢት ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይህም ተሕዋስያኑን ለመግደል ይበቃል። እየተንተከተከ 1 ደቂቃ ይቈይ። እንደ ደብረ ብርሃን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ የሚኖሩ ግን 3 ደቂቃ ይጠብቁ።

አሠራሩ

ማታ፣ አየሩ በረድ ሲል፣ 1 ሊትር ውሃ ያፍሉ። ቀረፋና ቅርንፉድ የሚወዱ ከሆነ ከውሃው ጋራ አብረው ይፍሉ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሽታቸውን አይሰጡምና። ስኳሩንም ውሃው ትኩስ ሳለ ያሟሙት። ከድነው ያቀዝቅዙት። ከዚያም በፈላ ውሃ በታጠበ ጠርሙስ ውስጥ ይገልብጡትና 3 የሻይ ማንኪያ ሻይ ቅጠል፣ ወይም 4 የከረጢት ሻይ ይጨምሩበት። አፉን ገጥመው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። የአገራችን ሻይ ብዙውን ጊዜ ደቃቅ ስለ ሆነ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃዋል። ጧት በንጹሕ ጨርቅ ያጥሉት። ሲቀርብ ሎሚ ጨመቅ ቢያደርጉበት መልኩ ፈካ ይላል፤ ጣዕሙም ያምራል። የቀረውን ከፍሪጅ ሳያወጡ በ2 ቀን ውስጥ ይጨርሱት።

በረዶ የሚጨምሩ ከሆነ በረዶውም ከፈላ ውሃ የተሠራ ይሁን። ብርድ ተሕዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም።

ፍሪጅ ለሌለው ቤት

ፍሪጅ የሌለው፣ ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ይህን አሠራር አይከተል። ቅጠሉን ለብ ባለ ውሃ ወይም በፀሐይ ላይ ዘፍዝፎ ማዋል ተሕዋስያንን ማርባት ነው። ለዚህ ቤት የሚስማማው እንደ ወትሮው በእሳት ማፍላት ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ሙቀቱ ሳይጀምር፣ ሻዩን አፍልተው ያጥሉና ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ይክደኑት። ጠርሙሱን በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያኑሩት። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚህ መንገድ ነው፤ ከገላው የሚተነው ርጥበት ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩ ደረቅ በሆነ ጊዜ ብልሃቱ ይበልጥ ይሠራል፤ በክረምቱ ርጥብ አየር ግን ይደክማል። ይህን ሻይ በዚያው ቀን ይጠጡት እንጂ አያሳድሩት።

በመጨረሻ አንድ ቃል እንጨምር። ሻይ ትኩስም ይሁን ቀዝቃዛ፣ ሰውነታችን ከሽሮና ከጎመን የሚያገኘውን ብረት እንዳይወስድ ይከለክላል። ስለዚህ ከምግብ ጋራ ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቈይተው ይጠጡት፤ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ይህ በተለይ ያስፈልጋል። ለሕፃናት ሻይ ጨርሶ አይስጡ።

እንግዲህ ከጣርማ በር ወርዶ፣ ጋቢውን በክንዱ አንጠልጥሎ ከደጅዎ የሚደርስ እንግዳ ቢመጣ፣ ከሰል ፍለጋ አይነሡም፤ ጠርሙሱን ያወጣሉ፤ ይቀዳሉ። እንግዳው ጥሙን ያረካል፤ እርስዎም ውሃው ማታ እሳት ማየቱን ያውቃሉና ያለ ሥጋት ይድገሙለት።