ሌባ ሳይነካው የሚጮኸው የመኪና አላርም፡ ጥፋቱ የት ነው?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሏል። ደጅ የቆመ መኪና በድንገት ይጮኻል፤ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ባለቤቱ ከአልጋው ተነስቶ በመስኮት ሪሞቱን ይጫናል፤ ዝም ይላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ሞተሩ አልነሳ ይላል።

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ይህ የደረሰባቸው አሽከርካሪዎች ጥቂት አይደሉም። በሁለቱ ከተሞች ጎዳናዎች ከሚታዩት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር አገልግለው የገቡ ናቸው። አላርሙ ግን ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ሳይሆን እዚሁ፣ በጥቂት ሰዓታት ሥራ የተገጠመ ነው። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል።

ለመሆኑ አላርሙ ምን ይሠራል?

ዋናው ክፍል ከመሪው ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚደበቅ ትንሽ ሣጥን ነው። ከበሮች፣ ከኮፈኑ፣ ከቁልፉ ማብሪያና ከንዝረት ሴንሰሩ በሽቦ መረጃ ይቀበላል። በሌላ በኩል ሳይረኑን፣ መብራቶቹን፣ የበር መቆለፊያውንና ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሪሌይ ያዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የፋብሪካው ሽቦዎች እየተላጡ ከእርሱ ጋር ሲቀጠሉ ነው። ስለዚህ ችግር ሲፈጠር አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ሣጥኑ ሳይሆን ቅጥያው ነው። በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ፣ በፀሐይ የሚግል መኪና ውስጥ ሙጫው ሲለቅ መላላቱ አይቀርም። በብየዳ ወይም በመቆንጠጫ የተያያዘው ግን ለዓመታት ይቆያል።

ያለ ምክንያት የሚጮህ አላርም ብዙ ጊዜ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ሲጠፋ የሚሰጠው የድምፅ ወይም የትንሿ መብራት ብልጭታ ቁጥር የቱ ክፍል እንደቀሰቀሰው ይጠቁማል፤ ትርጉሙ ከዕቃው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ይገኛል። መመሪያው ከሌለ ግን በየተራ መለየት ነው። የንዝረት ሴንሰሩን ሶኬት ነቅለው መኪናውን አንድ ሌሊት ያሳድሩ። ጸጥ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ወይ ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል፣ ወይ ሴንሰሩ በደንብ ሳይታሰር ተንጠልጥሏል። ስሜቱን የሚቀንሰው አብዛኛውን ጊዜ በሴንሰሩ ላይ ያለች ትንሽ ብሎን ናት።

በዝናብ ወቅት ብቻ የሚጮህ ከሆነ ከኮፈኑ ሥር ያለችውን ማብሪያ ይመልከቱ። ውሃ ገብቶባት ዝጋ ይሆናል።

የበሩ ጉዳይ ትንሽ ይወሳሰባል። በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች በር ሲከፈት ማብሪያው ሽቦውን ከመኪናው ብረት፣ ማለትም ከኔጌቲቩ ጋር ያገናኘዋል። በአንዳንድ ሌሎች መኪኖች ደግሞ በተቃራኒው ፖዘቲቭ ይልካል። ይህንን ሳይለይ የተገጠመ አላርም በሩ ተከፍቶ ዝም ሊል፣ ተዘግቶ ሊጮህ ይችላል። መረጃው የተወሰደው ከጣሪያው መብራት ከሆነም በሩ ከተዘጋ በኋላ ቀስ እያለ የሚጠፋው መብራት አላርሙን ያሳስተዋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አላርሙ ጥቂት ሰከንዶች እንዲታገስ በማስተካከል ይፈታል።

አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ይሞታል፣ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም በሳምንቱ ይሞታል። ሙሉ ኃይል ያለው የ12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ ከደረሰ ዲናሞው እየሞላ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ባትሪው በቆመበት የሚያልቅ ከሆነ አንድ ነገር ሌሊቱን ሙሉ እየመጠጠው ነው ማለት ነው።

መለኪያውን በ10 አምፔር ላይ አድርገው ከባትሪው የኔጌቲቭ ጫፍና ከተነቀለው ገመድ መካከል ያስገቡ። ቁልፉ መነቀል፣ በሮቹም መዘጋት አለባቸው። የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። በዚህ መሀል ሞተር ለማስነሳት መሞከር የመለኪያውን ፊውዝ ያቃጥላል። ከ50 ሚሊአምፔር በታች የተለመደ ነው። 300 ካሳየ ግን መኪናው በቀን 7.2 አምፔር ሰዓት ያጣል፤ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሳምንት ሳይሞላው ባዶ ይሆናል፣ ሞተር የማስነሳት አቅሙ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ያልቃል። አሁን የአላርሙን ፊውዝ ይንቀሉ። ቁጥሩ ከወረደ ሌባው ራሱ ዘበኛው ነው።

ከሁሉም የከፋው

እስካሁን የተነሱት እንቅልፍና ገንዘብ የሚነሱ ናቸው። ሪሌዩ የተቀጠለበት ቦታ ግን ሕይወትን ይመለከታል። የሞተሪኖውን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ሪሌይ ሲበላሽ መኪናው ጠዋት አይነሳም፤ ከተነሳ ግን መንገድ ላይ አይጠፋም። የነዳጅ ፓምፑን ወይም የማቀጣጠያውን ሽቦ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ቅጥያው በላላ ቅጽበት ሞተሩ በጉዞ ላይ ቀጥ ሊል፣ መሪውም ሊከብድ ይችላል። ሌባን በማስቆም በኩል ይህኛው ይበልጣል የሚሉ ገጣሚዎች አሉ። በዳገትና በከባድ መኪና መካከል ለሚነዳ ሰው ግን ክርክሩ አያሳምንም። መኪናዎ እየሄደ ለአፍታ ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ ጋራዥ ሳያስገቡ አይንዱት።

ራስዎ ሊፈትሹ ካሰቡ ደግሞ ከመሪው ሥር ቢጫ ሶኬት ያላቸውን ሽቦዎች አይንኩ። የአየር ከረጢት መስመሮች ናቸው፤ አምፖል ባለው መፈተሻ መነካካት ሊያፈነዳቸው ይችላል።

ገጣሚውን ከመሸኘትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በወረቀት ይቀበሉ፦ የትኛው ሽቦ ከየት እንደተቀጠለ፣ የአላርሙ ፊውዝ የት እንዳለ፣ እንዲሁም አላርሙን ያለ ሪሞት የምታጠፋው የተደበቀች ቁልፍ የት እንደተቀመጠች። የሪሞቱ ባትሪ የሚያልቀው ከቤት ርቀው ሳሉ ሊሆን ይችላል።