ስለ ራግቢ የማጥቂያ ምት

በአውሮፓ የራግቢ ክለቦች ደጋፊዎች ዘንድ፣ የሰንበቱ ውጤት ተነግሮ ካለቀ በኋላ እንኳ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም ኳስን በእጁ ይዞ መሮጥ የተፈቀደለት ተጫዋች በእግሩ መትቶ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ መስደዱ ጥበብ ነው ወይስ ስንፍና የሚለው ነው። ኳሱ ገና ከመቺው እግር ሳይለይ የሚያጉረመርመው ተመልካች ብዙ ነው፤ በስንት ድካም የተገኘን ኳስ በገዛ ፈቃድ ለባላጋራ አሳልፎ መስጠት ምን ይባላል ይላል። እኔ ግን በዚህ ነገር ከመቺዎቹ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

ነገሩ እንዲገባን ከሥርዐቱ እንጀምር። በራግቢ ዩኒየን በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳስን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ፈጽሞ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እየተቀባበሉ፣ በሩጫና በግፊያ ምድሩን ስንዝር በስንዝር ያስለቅቃሉ፤ ከተጋጣሚው የጎል መስመር አልፎ ኳሱን መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያም በቋሚዎቹ መካከል በምት ቢያሳልፈው 2 ይጨመርለታል። እጅ ወደ ፊት እንዳይልክ በታሰረበት በዚህ ጨዋታ፣ ወደ ፊት ለመላክ ነጻ ሆኖ የቀረው እግር ብቻ ነው። ተከላካዮቹ ሩጫውን ለመግታት በአንድ መስመር ጥቅጥቅ ብለው ሲቆሙ ከጀርባቸው ሰፊ ባዶ ምድር ይተዋሉ፤ ያንን ምድር ለመጠበቅ ሁለት ሦስት ሰው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ደግሞ የፊቱ ሰልፍ ይሳሳል። የማጥቂያ ምት ምሥጢሩ ባላጋራውን በእነዚህ በሁለቱ ጭንቀቶች መካከል አቁሞ፣ የቱን በር ክፍት እንደ ተወ አይቶ በዚያ መግባት ነው።

ምቱም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በተከላካዩ ራስ ላይ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የሚያልፍ አለ፤ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ብቻውን ለቆመው የክንፍ ተጫዋች የሚደርስ አለ፤ ወደ ሰማይ ተሰቅሎ አሳዳጆቹ ከሥሩ እስኪደርሱ የሚቆይም አለ። ይህ የመጨረሻው፣ በአየርላንድ በሊመሪክ ከተማ ባለው በጋሪኦወን ክለብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያምረው መሬት ለመሬት እየተንከባለለ በሁለት ተከላካዮች መካከል የሚሾልከው ነው፤ ኳሱ ሞላላ ስለ ሆነ መጀመሪያ በሆዱ ይንሸራተትና በድንገት በጫፉ ነጥሮ ወደ አሳዳጁ ደረት ይነሣል፤ ዘወር ብሎ ለመሮጥ የተገደደው ተከላካይም በዚያች ቅጽበት አንድ እርምጃ ዘግይቷል።

የሚያጉረመርሙት ሰዎች ሥጋት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ዌልስ በኤዲንብራ ስኮትላንድን 6 ለ 0 በረታችበት ግጥሚያ፣ የዌልሱ አለቃ ክላይቭ ሮውላንድስ ኳሱን ያለ ዕረፍት ወደ ውጭ ሲመታ ውሎ በዚያ አንድ ቀን 111 የመስመር ውርወራ ተቈጠረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ፣ ተጫዋች ከራሱ የመከላከያ ክልል ውጭ ሆኖ ኳሱን ሳያነጥር በቀጥታ ከሜዳ ቢያስወጣ፣ ውርወራው ከተመታበት ቦታ ትይዩ እንዲሆን ተደረገ። እንዲህ ያለው ምት መሸሽ ነው፤ ማጥቃት አይባልም።

ከ2021 ወዲህ ግን ሕጉ ራሱ ለአጥቂው መቺ ዋጋ ሰጠው። አንድ ተጫዋች በራሱ አጋማሽ ሆኖ የመታው ኳስ ሜዳ ውስጥ ነጥሮ ከተጋጣሚው የ22 ሜትር መስመር ወዲያ ቢወጣ፣ በልማድ ለተጋጣሚ ይሰጥ የነበረው ውርወራ ለመቺው ቡድን ይሰጣል፤ ይህም 50፡22 ይባላል። የሕጉ አሳብ የክንፍ ተጫዋቾች ምቱን ፈርተው ወደ ኋላ እንዲቆሙ፣ በዚያም የፊቱ ሰልፍ ሳስቶ ለሯጮች ቦታ እንዲገኝ፣ ግጭቱም እንዲቀንስ ነው። በግንቦት 2024 በለንደን በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ፣ የፈረንሳዩ ክለብ የቱሉዝ ተጫዋች አንቷን ዱፖን ይህንኑ ምት ሲመታ የታየውን ውበት ማን ይረሳዋል! 80ው ደቂቃ ሲያልቅ 15 ለ 15 በነበረው በዚያ ግጥሚያ፣ የተጋጣሚው የአየርላንዱ ሌንስተር ተጫዋች ኪራን ፍሮሊ በመጨረሻ ሰዓት ኳሱን መሬት አስነጥሮ የመታው ምት ከቋሚዎቹ ጎን አልፎ፣ በተጨማሪ ሰዓት ቱሉዝ 31 ለ 22 አሸንፎ ስድስተኛ ዋንጫውን ወሰደ።

የዛሬው ክርክር ደግሞ ወደ ሰማዩ ምት ዞሯል። ከኅዳር 2024 ጀምሮ ዳኞች፣ ከፍ ያለውን ኳስ ለሚቀበለው ጓደኛቸው እንደ አጥር የሚቆሙትንና የአሳዳጁን መንገድ የሚዘጉትን ተከላካዮች አጥብቀው እንዲቀጡ ታዘዙ፤ ስለዚህ አሳዳጁ ሳይታገድ ደርሶ በአየር ላይ ይሻማል፤ ኳሱን ከግፊያው የሚያወጣው ባለ 9 ቁጥሩም ይህን አይቶ ምቱን ደጋግሞ ይልካል። አንዳንዱ ደጋፊ ጨዋታው የዝላይ ውድድር ሆነ ብሎ ያዝናል፤ ምቱ ያለ ልክ በተደጋገመበት ቀን እኔም አብሬው አዝናለሁ። ነገር ግን በግንቦት 2025 በካርዲፍ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ የፈረንሳዩ ቦርዶና የእንግሊዙ ኖርዝሃምፕተን 20 ለ 20 ሆነው ለዕረፍት ወጥተው፣ ቦርዶ 28 ለ 20 ረትቶ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አገኘ፤ በሰኔ ደግሞ በፓሪስ አቅራቢያ ይኸው ቦርዶ በፈረንሳይ ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ በተጨማሪ ሰዓት በቱሉዝ 39 ለ 33 ተሸነፈ። ምት በዛ በሚባልበት በዚህ ዘመን ነጥብ አልጠፋም።

ስለዚህ ለሚያጉረመርመው ወዳጄ የምለምነው፣ ኳሱ ከመመታቱ አስቀድሞ ዐይኑን ከመቺው ላይ አንሥቶ ከሁሉ ኋላ ወደሚቆመው ወደ ተጋጣሚው ባለ 15 ቁጥር እንዲልክ ነው፤ ያ ሰው ወደ አንዱ ዳር ተስቦ እንደ ሆነ፣ ሌላው ዳር ባዶ መሆኑን ጨዋታውን የሚመራው ባለ 10 ቁጥሩ ከወዳጄ ቀድሞ አይቶታል።