የሣጥን ካሜራ ሲያስቸግር ጥፋቱን ከፊልሙ ስለ መመርመር

ፎቶግራፍ ማንሣት ዛሬ በየሰው ኪስ ባለው ስልክ የሚፈጸም ቀላል ሥራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ከአያት የተረፈውን ባለፊልም ካሜራ ከተቀመጠበት አውጥተው፤ አቧራውን አራግፈው፤ እንደገና ሊሠሩበት የሚወዱ ወጣቶች አሉ። ፍላጎቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ስልክ ያነሣውን ሥዕል ወዲያው ሲያሳይ ፊልም እስኪታጠብ ድረስ ምሥጢሩን አይገልጥምና፤ ጀማሪው ስሕተቱን የሚያውቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። የሕፃን ክርስትና፤ ወንድ ቢሆን በ40 ሴት ብትሆን በ80 ቀን፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው። የሸመገለች አያትም ለከርሞው በዓል በዚያው ወንበር ላይ መቀመጧን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቀን ሳይደርስ አንድ ጥቅል ፊልም ለፈተና ማዋል እንደ ኪሳራ ሊቈጠር አይገባም።

ከባለፊልሞቹ ሁሉ ቀላሉ የሣጥን ካሜራ የሚባለው ነው። የኮዳክ ኩባንያ ብራውኒ ብሎ የሰየመውን ካሜራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 ዓመት በአሜሪካ አገር በ1 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ቁጥር 2 ብራውኒ በ1901 ሲወጣ 120 የሚባለውን የፊልም ዓይነት ይዞ መጣ፤ ይህም ፊልም እስከ ዛሬ ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከፊት ሌንስ የሚባል አንድ መስተዋት፤ በአጠገቡ ለሰከንድ 1/50 ያህል ተከፍቶ የሚዘጋ ሹተር የሚባል የብርሃን በር፤ ከኋላም ፊልሙ አለ። ባንድ ጥቅል 8 ሥዕል ይነሣበታል። ፊልም ሳይገዛ አስቀድሞ ካሜራው የሚቀበለውን ቁጥር መመልከት ይገባል፤ 620 የሚል ከሆነ ኮዳክ ይህን ጥቅል መሥራት በ1995 ስላቆመ ችግር አለ። ፊልሙ ከ120 ጋር አንድ ቢሆንም የሚጠቀለልበት ዘንግ ይቀጥናልና፤ 120ውን በጨለማ ወደ አሮጌው የ620 ዘንግ ማዛወር ያስፈልጋል።

ሥዕሉ ተበላሽቶ ሲመጣ ብዙ ሰው ካሜራውን ይኰንናል። ዳኛ ግን ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም፤ የዚህም ነገር ምስክሩ ኔጋቲፉ ነው። በዘመናችን ፊልም አጣቢዎች ብዙ ጊዜ ሥዕሉን በስልክ ልከው ኔጋቲፉን ያስቀሩታል፤ ስለዚህ ሲሰጧቸው «ኔጋቲፉን መልሱልኝ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ያሻል። ከዚያ በመስኮት ብርሃን ላይ ይዞ ማንበብ ነው። በኔጋቲፍ ላይ ብርሃን የነካው ይጠቁራል፤ ያልነካው ጥርት ብሎ ይቀራል።

በጥቍርና ነጭ ፊልም ጠርዝ ላይ ፋብሪካው በብርሃን የጻፋቸው ስምና ቁጥሮች አሉ፤ የሚታዩትም ፊልሙ በመድኃኒት ሲታጠብ ነው። ጠርዙ ላይ ጽሕፈቱ ደምቆ እየታየ መካከሉ ባዶ ከሆነ አጣቢው ንጹሕ ነው፤ ብርሃን ወደ ሣጥኑ አልገባም፤ ማለት ሹተሩ አልተከፈተም ወይም ፊልሙ በዘንጉ ላይ አልተያዘም። ጽሕፈቱም ጭምር ከጠፋ ጥፋቱ የማጠቢያው መድኃኒት ነው። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ከጠቆረ ደግሞ አንድ ሰው፤ ብዙ ጊዜም የቤቱ ልጅ፤ ሣጥኑን ከፍቶ አይቷል።

ሹተሩን ያለ ፊልም መፈተን ቀላል ነው። የሣጥኑን ጀርባ ከፍቶ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ማንሻውን ሲጫኑ ክብ ብርሃን ብልጭ ማለት አለበት። በቁጥር 2 ብራውኒና በመሰሎቹ ማንሻው ወደ አንድ ወገን ሲገፋ አንድ ጊዜ፤ ወደ ቦታው ሲመለስም ሌላ ጊዜ ይከፍታል። ይህን ያላወቀ ሰው ገፍቶ ሲመልሰው ሁለት ሥዕል ባንድ ላይ ይደራረብበታል። አንድ ጊዜ ከተገፋ ማንሻው ባለበት ይቈይ፤ ፊልሙም ወዲያው ይዙር።

ከሁሉ ይልቅ ጀማሪን የሚያደናግረው የብርሃን ሾልኮ መግባት ነው። ጥቁሩ ጠባሳ በሥዕሉ ሁሉ ላይ ባንድ ቦታና ባንድ መልክ ከታየ ሣጥኑ ቀዳዳ አለው፤ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ከጠቆረ ግን ፊልሙ በፀሐይ ገብቷል ወይም ላልቶ ተጠቅልሏል። ቀዳዳውን ለማግኘት ማታ ትንሽ የእጅ ባትሪ አብርቶ በባዶው ሣጥን ውስጥ መዝጋትና በጨለማ ዙሪያውን ማየት ነው፤ ብርሃን በወጣበት ጥቁር ፕላስተር ይለጠፋል። ጠባሳው ክብ ከሆነ የቁጥሩ ማሳያ ቀይ መስኮት ነው። በድሮ ዘመን የነበሩት ፊልሞች ቀይ ብርሃን ስለማይነካቸው መስኮቱ ጉዳት አልነበረውም፤ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ግን ቀዩንም ያያሉ። ስለዚህ መስኮቱን በፕላስተር ሸፍኖ፤ ፊልሙን ሲያዞሩ ብቻ በጥላ ውስጥ ገልጦ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ መደብዘዝ ደግሞ፤ ቤቱም ዛፉም ሰውም ባንድ አቅጣጫ ከተሳበ እጅ ተንቀጥቅጧል፤ ሰው ብቻ ከተሳበ ሰውየው ተንቀሳቅሷል። የሩቁ ጠርቶ የቅርቡ ከደበዘዘ ካሜራው ቀርቧል፤ የሣጥን ካሜራ ከ3 ሜትር ወዲህ ያለውን አጥርቶ አያይምና። ሁሉም በጉም እንደ ተሸፈነ ቢመስል ሌንሱ ቆሽሿል፤ በእስትንፋስ አርጥቦ በታጠበ ስስ ጥጥ ማበስ እንጂ ጋዝ ወይም ሳሙና መጨመር አይገባም።

በአገራችን አንድ ልዩ ችግር አለ። አያት ነጭ ነጠላ ለብሳ በቀትር ፀሐይ ስትነሣ ነጠላው ያበራል፤ ፊቷ ግን በግንባሯ ጥላ ይጠፋል። ይህ የካሜራ ጥፋት አይደለም። ከጧቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፤ ወይም ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት፤ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ማንሣት ይሻላል፤ ለፀሐይ ፍጥነቱ 100 የሆነ ፊልም ይበቃል። እርሷን በበረንዳ ጥላ ማስቀመጥ ከተፈለገ 400 ይግዙ።

ለፈተናው ጥቅል ደብተር ይያዝ። ከእያንዳንዱ ቁጥር አንጻር ሰዓቱ፤ ፀሐይ የነበረችበት ወገን፤ እስከ ሰውየው ያለው እርምጃ ይጻፍ፤ ኔጋቲፉ ሲመለስ ከደብተሩ ጎን ተዘርግቶ ይመርመር። 8ኛው ሥዕል ካለቀ በኋላ የወረቀቱ ጫፍ ተጠቅልሎ እስኪያልቅ ድረስ ማዞር፤ ሣጥኑንም በጥላ መክፈትና ጥቅሉ ሳይላላ ማሸጊያውን ወዲያው መለጠፍ ያስፈልጋል።