የማይዝግ ብረት ለምን አይዝግም? እንዴትስ ይሠራል?

ጅጋም ሆነ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጥተን ትሪ ወይም ማንኪያ ስንጠይቅ ሻጩ «ይኸ እኮ ማይዝግ ነው» ካለን ክርክሩ ያበቃል። አንዳንዱ ጠንቃቃ ገዢ ደግሞ ማግኔት ያስጠጋና ከሳበው «ውሸት ነው፣ ተራ ብረት ነው» ብሎ ትቶት ይሄዳል። ሁለቱም አልተሳካላቸውም። ማይዝግ የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ማግኔት የሚስበውም እውነተኛ ማይዝግ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የማይዝግ ብረትን ምንነት፣ ዓይነቶቹንና በወርክሾፕ ውስጥ የሚቆረጥበትን ዘዴ ባጭሩ ለማብራራት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ጀምሯል፤ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። በምግብ ፋብሪካ ውስጥ ምርቱ የሚነካቸው ጋኖች፣ ቧንቧዎችና የፓምፕ ክፍሎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከማይዝግ ብረት ነው። በገጠሩም ቢሆን አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ የውኃ ፓምፕ ከጉድጓዱ ውስጥ የሚወርድ ዘንግ አለው። ይህ ዘንግ ከማይዝግ ብረት ወይም ዚንክ ከተቀባ ተራ ብረት ይሠራል። ውኃው አሲድነት ካለው የዚንኩ ሽፋን ቶሎ ይበላል፤ ዘንጉ ይዝጋል፤ በመጨረሻም ይበጠሳል። ዘንግ ተበጠሰ ማለት መንደሩ እንስራውን ይዞ ወደ ወንዝ ተመለሰ ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ዕቃ የሚቆርጠውና የሚጠግነው ሰው እኛ ከምናሠለጥናቸው ልጆች አንዱ ነው።

የማይዝግበት ምክንያት

ተራ ብረት እርጥበትና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ዝገቱ ስለሚፈረፈር ከሥሩ ያለውን ብረት አይከላከልም፤ እየበላ ይቀጥላል። ብረቱ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲቀላቀልበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በብረቱ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ ክፍል ስለሆነ በዓይን አይታይም። ቢጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይሸፍናል። ስለዚህ ማይዝግ ብረት ቀለም የተቀባ ሳይሆን ቆዳው ቶሎ የሚድን ብረት ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ከተማ ይህን መሰል ብረት አቅልጦ አወጣ፤ በዚያው ዘመን በጀርመንም የክሩፕ ኩባንያ ባለሙያዎች ኒኬል የተጨመረበትን ዓይነት ሠርተዋል።

ዋና ዋና ዓይነቶቹ

ሀ. ኦስቴኒቲክ፦ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፤ በዕቃዎች ላይ «18/8» ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው። 316 ደግሞ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስለተጨመረበት ጨውን የበለጠ ይቋቋማል። ይህ ወገን በማግኔት አይሳብም፤ በብርዱ ከታጠፈ ወይም ከተቀጠቀጠ ግን በመጠኑ ሊሳብ ይችላል። በእሳት አግሎ ውኃ ውስጥ በመንከር አይጠነክርም።

ለ. ፌሪቲክ፦ ለምሳሌ 430። ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም ሲኖረው ኒኬል የለውም ለማለት ይቻላል። በዚህም ምክንያት ዋጋው ይቀንሳል። ማግኔት ይስበዋል። ለትሪና ለምድጃ ሽፋን ይሆናል።

ሐ. ማርቴንሲቲክ፦ ለምሳሌ 410 እና 420። ክሮሚየሙ ከ12 እስከ 14 በመቶ ገደማ ነው። ማግኔት ይስበዋል፤ በእሳትም ይጠነክራል። ቢላዋ፣ መቀስና የፓምፕ ዘንግ ይሠራበታል። ዝገት የመቋቋም ኃይሉ ግን ከ304 ያንሳል።

መ. ዱፕሌክስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅልቅል ሲሆን ጥንካሬው ከ304 እጥፍ ያህል ነው። በእኛ አካባቢ ወርክሾፖች ብዙ አያጋጥምም።

ከዚህ እንደምንረዳው ማግኔቱ የሚነግረን ማይዝግ መሆን አለመሆኑን ሳይሆን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው።

በማሽን ሲቆረጥ

ተማሪዎች 304ን ቶርኖ ላይ ሲያስሩ የሚያማርሩት «ብረቱ ደረቀ፣ መቁረጫውን በላው» እያሉ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ያደረቁት ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ናቸው። ሽቦ በብርዱ ደጋግመን ስናጣጥፈው እየጠነከረ እንደሚሄድ ሁሉ፣ 304ም ሲታሽ ገጹ ይደርቃል። በተጨማሪም ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከተራ ብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የመቁረጡ ሙቀት በሥራው ዕቃ ውስጥ ተሠራጭቶ አይበርድም፤ የመቁረጫው ጫፍ ላይ ይከማቻል። የሚከተሉት ደንቦች ከእነዚህ ሁለት ጠባዮች የመነጩ ናቸው።

1. ፍጥነት ይቀንስ። በሃይ ስፒድ መቁረጫ ለ304 በደቂቃ 15 ሜትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ዲያሜትሩ 25 ሚ.ሜ. ለሆነ ዘንግ 1000 × 15 ÷ (3.14 × 25) ስናሰላ በደቂቃ 191 ዙር ይመጣል። ለስላሳውን ተራ ብረት በ30 ሜትር ብንቆርጠው 382 ዙር ይሆን ነበር።

2. ግፊት አይቀንስ። ስህተቱ በብዛት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ሲያስቸግር እጃችንን እናቀልላለን፤ መቁረጫው መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፤ የታሸው ገጽ ይደርቃል። በአንድ ዙር ከ0.1 ሚ.ሜ. ባያንስ ይመረጣል። ቀጣዩ ቆረጣም ከደረቀው ቆዳ ሥር መግባት አለበት። ዝግ ብሎ፣ ግን ሳያመነቱ!

3. መቁረጫው የተሳለ፣ አያያዙም አጭርና ጽኑ ይሁን። የሚርገበገብ መቁረጫ ማሸቱ አይቀርም።

4. ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ሳይቋረጥ በብዛት ይፍሰስ። ከጋለ በኋላ ጠብ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ የካርባይድ መቁረጫ ከሆነ እንዲያውም ሊሰነጠቅ ይችላል።

5. ስንበሳ የፑንታው ጫፍ 135 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ይሻላል። ቦታውን በቡጢ ስናመለክት በኃይል አንምታ፤ የተመታው ነጥብ ይደርቅና ፑንታው አልገባም ይላል። ፑንታውንም ቀዳዳው ውስጥ ያለ ግፊት አናሽከርክረው።

6. ማይዝግ ብሎንና ማይዝግ ዳዶ ሲጠባበቁ ይነካከሳሉ። ቅባት ቀብቶ ቀስ ብሎ ማሰር ያስፈልጋል።

«ታዲያ ለመቁረጥ የሚቀል ማይዝግ የለም ወይ?» ለሚለው፣ አለ። 303 ድኝ ስለተጨመረበት ፍቅፋቂው እየተሰበረ ይወርዳል። ነገር ግን ድኙ ዝገት የመቋቋም ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ ብየዳም አይወድም። ለቶርኖው ተመችቶናል ብለን የሚበየድ የወተት ጋን ክፍል ከ303 ብንሠራ ድካማችንን ቀንሰን ችግሩን ለተጠቃሚው አሸጋገርን ማለት ነው።

ከተሠራ በኋላ

ማይዝጉን ተራ ብረት በተሞረደበት ድንጋይ ብንሞርደው ወይም በተራ ሽቦ ብሩሽ ብንፈገፍገው የተራው ብረት ብናኝ ይለጠፍበታል፤ ብናኙም ይዝጋል። ያኔ «ማይዝግ ሲሉን ዛገ» ይባላል። ስለዚህ ለማይዝግ የተለየ ድንጋይና ከማይዝግ ሽቦ የተሠራ ብሩሽ ይመደብ። ብየዳ ያጠቆረው ቦታም ተጠርጎ ይጽዳ፤ በጠቆረው ሥር ክሮሚየሙ ተመናምኗልና። በቤትም እንዲሁ ነው። የማይዝግ ዕቃን በበረኪና ዘፍዝፎ ማሳደር ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ገጹ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይወጣሉ።

ማይዝግ ብረት ውድ ነው። አንድ አሠልጣኝ እጅን ማቅለልን እንደ ጥንቃቄ አድርጎ ካስተማረ፣ አርባ ሠልጣኝ ያንኑ ልማድ ይዞ ወደየትምህርት ቤቱ ይበተናል። ከዚያ በኋላ የሚሰበረውን ፑንታ ማን ይቆጥረዋል? ስለዚህ በሚቀጥለው የወርክሾፕ ሰዓት አንድ ቁራጭ 304 እንውሰድ። ሁለት ቀዳዳ እንብሳ፤ አንዱን ፈጥነንና ሳንጫን፣ ሌላውን ዝግ ብለንና ሳናቋርጥ ተጭነን። የሁለቱን ፍቅፋቂና የፑንታዎቹን ጫፍ ጎን ለጎን አስቀምጠን ለሠልጣኞች እናሳይ።