የነገው ጦርነት ታሪክ በእኛ እጅ ቢሆን ኖሮ

ጉድለቱን እያወቁ ደግመው የሚያዩት ፊልም አለ። እ.ኤ.አ በ2021 በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ የቀረበው «ዘ ቱሞሮው ዋር» ለእኛ ከእነዚህ አንዱ ነው። አይተውት ከሆነ የምንለው ይገባዎታል። ካላዩት ግን መጨረሻውን ጭምር ስለምናወራ፣ መጽሔቱን አስቀምጠው መጀመሪያ ፊልሙን ይዩና ይመለሱ። ከሁለት ሰዓት ከሩብ ትንሽ ያልፋል።

ላዩትም ቢሆን ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስዎ። ዳን ፎረስተር (ክሪስ ፕራት) ኢራቅ የዘመተ የቀድሞ ወታደር ነው፤ አሁን የባዮሎጂ መምህር ሆኗል። የተመኘው የምርምር ሥራ ሳይሳካለት ቀርቶ ከፍቶታል። በታኅሣሥ 2022 ቤተሰቡና ጓደኞቹ ተሰብስበው የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ሲያዩ፣ ሜዳው መሃል ብርሃን ይፈነዳና የታጠቁ ወታደሮች ይወጣሉ። ከ2051 የመጡ ናቸው። ሰማይ ያመጣቸው ፍጥረታት የሰውን ዘር እየጨረሱት ነውና የዛሬው ትውልድ እንዲረዳቸው ይለምናሉ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ለዘመቻ ይጠራል፤ የአንዱ ዘማች ግዳጅ ሰባት ቀን ብቻ ነው፣ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። ዳንም ይጠራል። እዚያ የሚያዝዘው ኮሎኔል ደግሞ ማን ሆኖ ተገኘ? ቤት ጥሏት የመጣው ትንሿ ልጁ ሙሪ፣ አድጋ።

መጀመሪያ የወደድነውን እንናገር። ዳይሬክተሩ ክሪስ ማኬይ ከዚህ በፊት የሌጎ ባትማንን የአኒሜሽን ፊልም የሠራ ሰው ነው፤ ጨዋታ ያውቃል። ጭራቆቹን ቶሎ አያሳየንም። ድምፃቸውን እንሰማለን፣ የፈጁትን እናያለን፣ በመጨረሻ ሕንፃው ደረጃ ላይ ፊት ለፊት ስንገጥማቸው ከቻርሊ ጋር አብረን እንጮኻለን። ያ ቻርሊ የተባለው ፈሪ ሳይንቲስት (ሳም ሪቻርድሰን) ባይኖር ፊልሙ ግማሽ ጣዕሙን ያጣ ነበር። ሰዎቹ እንዴት እንደሚመለመሉም ብልህ ሐሳብ ነው፦ በ2051 በሕይወት የማይኖሩ ብቻ ናቸው የሚጠሩት፣ ራሳቸውን እንዳያገኙ። ስለዚህ የጥሪ ወረቀት የደረሰው ሰው ሁሉ የራሱን መርዶ አብሮ ይቀበላል።

ለውጣችን ከዚሁ ይጀምራል። እንዲህ ያለ መርዶ ይዞ የሚገባ አባት እራት ላይ ምን ይላል? ፊልሙ ይህን በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፤ ሠላሳ ዓመት ወደፊት ለመዝለል ቸኩሏል። በብሔራዊ ውትድርና ዘመን ወንድ ልጅ የሸኘ ቤተሰብ ግን የዘመቻ ከባዱ ነገር ጦር ሜዳው ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ከጥሪው እስከ መሄጃው ያለው ሌሊትም አለ። የዳን ሚስት ኤሚ ደግሞ ከዘመቻ የተመለሱ ሰዎችን የምታማክር ባለሙያ ናት! አእምሯቸው ተረብሾ የሚመጡትን በየቀኑ እያየች፣ ተራው የባሏ ሲሆን ምን እንደሚሰማት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የት ይገኛል? እኛ ብንሆን ከኋለኛው ተኩስ አሥር ደቂቃ ቀንሰን ለኤሚ እንሰጣት ነበር።

ሁለተኛው ለውጣችን ይበልጥ ያሳስበናል። በ2051 ሙሪ አባቷን መጀመሪያ በብርድ ዓይን ትቀበለዋለች፤ ምክንያቱን ቆይታ ትነግረዋለች። ከዘመቻው ሲመለስ በኑሮው እየተማረረ ሄዶ ቤተሰቡን ትቶ ወጥቷል፤ ኋላም በመኪና አደጋ ሞቷል። ይህ ከጭራቆቹ ሁሉ የሚያስደነግጥ ንግግር ነው። ዳን የገዛ አባቱን ጄምስን (ጄ. ኬ. ሲመንስ) ይቅር ያላለው በዚሁ ምክንያት ነበርና። ጄምስ ከቬትናም ሲመለስ ቤተሰቡን ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ልጁም ሳያውቀው የአባቱን ዱካ እየተከተለ ኖሯል።

እንግዲህ ፊልሙ ይህን ያህል ከባድ ነገር ካነሣ በኋላ እንዴት ፈታው? ዳን መርዙን ይዞ ይመለሳል፣ ጭራቆቹን ያጠፋል፣ ከቤቱም እንደማይወጣ ለራሱ ቃል ይገባል። በቃ። የቤቱ ችግር ከጭራቆቹ ጋር አብሮ የሞተ ይመስላል። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ያ ሌላው ዳን ከቤት የወጣው ጭራቅ አባርሮት ነበር እንዴ? አልነበረም። የሚመኘውን ሥራ ስላላገኘ፣ ሕይወቱ ትንሽ ስለመሰለው፣ ያንንም ለሚስቱ መናገር ስላልቻለ ነው። መንኮራኩር ማፈንዳት ይህን አይፈታም። ስለዚህ ከሩሲያ ከተመለሱ በኋላ ያለ አንድ ተራ ቀን እንጨምራለን። ጦርነቱ የለም፣ ጀግንነቱም ተረስቷል፤ ዳን የተማሪዎች ፈተና እያረመ የድሮው ምሬት ብቅ ይልበታል። ኤሚ ታያለች፤ እሱም ማየቷን ያያል። በዚያች ሰዓት ተነሥቶ ጃኬቱን ያነሣል ወይስ ቁጭ ብሎ ይነግራታል? ለእኛ የፊልሙ እውነተኛ ፍልሚያ ይህ ነው።

እዚሁ ላይ የቀረ ሐዘንም አለ። ኮሎኔል ሙሪ በአባቷ ዓይን ፊት ትሞታለች። ታሪኩ ሲለወጥ ደግሞ ያቺ ሴት ጭራሽ ያልተፈጠረች ትሆናለች፤ የሚያስታውሳት ዳን ብቻ ነው። ትንሿን ሙሪ በቀን አሥሬ እያቀፈ ለሌላዋ ሙሪ ማልቀሻ ያጣ አባት! እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ ዝምታ ብቻ በቂ ነበር።

ሦስተኛው ቀላል ነው፤ የክፍሉ ተማሪዎች። ዓለም ልትጠፋ ከሆነ ለምን እንማራለን ብለው ተስፋ የቆረጡ ልጆች ክፍል ውስጥ ያሉበት ትዕይንት ድንቅ ነው። ከመካከላቸው እሳተ ገሞራ ማጥናት የሚወድ አንድ ልጅ አለ፤ የመፍትሔው ቁልፍም እሱ ነው። ጭራቁ ጥፍር ላይ የተገኘው አመድ እ.ኤ.አ በ946 አካባቢ ከፈነዳው፣ በቻይናና በሰሜን ኮሪያ ድንበር ካለው ተራራ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ነውና፣ መንኮራኩሩ ሺሕ ዓመት በሩሲያ በረዶ ሥር እንደቆየ ይታወቃል። ፍንዳታው በእውነትም የደረሰ፣ በታሪክ ከሚታወቁት ታላላቆች አንዱ ነው። ልጁ ግን መልሱን ሰጥቶ ከታሪኩ ይወጣል፤ መንግሥት እምቢ ሲል ዳንና ጥቂት ጓደኞቹ ብቻ ይበራሉ። እኛ ግን ያንን ክፍል በሙሉ ሥራ ላይ እናውለው ነበር፤ አንዱ ካርታ ያነባል፣ ሌላዋ ታሰላለች። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ካሉዎት ይህን ክፍል ሲያዩ ፊታቸውን ይመልከቱ። ለትንንሾቹ ግን ፊልሙ አይሆንም፤ ጭራቆቹ በእውነት ያስፈራሉ፣ ቻርሊም ደረጃው ላይ አፉ አያርፍም።

የቀረው ጄምስ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሽማግሌው መሣሪያ ይዞ በረዶ ላይ ከልጁ ጎን ይሰለፋል፣ ጭራቁን አብረው ይጥላሉ፣ ከዚያም ይቅርታውን አግኝቶ የልጅ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያታል። ያስደስታል፤ አይተን አልቅሰናል። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የጠፋ አባት በጥይት ብቻ ዕዳውን ከከፈለ ርካሽ ነው። እኛ ብንጽፈው ጄምስ ከጦርነቱ በፊት፣ ማንም ሳያስገድደው፣ አንድ ቀን በሩን ያንኳኳል። ዳን ቤት የለም። የምትከፍተው ሙሪ ናት፤ ቀና ብላ ታየውና «ማን ነዎት?» ትለዋለች። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ፣ መልሱን ሲፈልግ ብዙ ይቆያል።