የዲያስፖራ በጎ አድራጎት

የዲያስፖራ በጎ አድራጎት ከአገሩ ውጭ የሚኖር ማኅበረሰብ ለትውልድ አገሩ ሕዝብ የሚሰጠው ርዳታ ነው። ለእናት ወይም ለወንድም የሚላከው ሐዋላ ከዚህ ይለያል፤ በጎ አድራጎቱ የሚደርሰው ሰጪው ለማያውቀው ሰው ነው።

በኢትዮጵያ ጎልቶ የሚጠቀሰው የጌዴኦ ተፈናቃዮች ጉዳይ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በገደብ ወረዳ ጎቲቲ የተጠለሉ ተፈናቃዮች ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ። (ገደብ በቡናዋ በውጭ አገር የምትታወቀው ወርቃ የምትገኝበት ወረዳ ነው።) በአርቲስት ታማኝ በየነ የሚመራው ግሎባል አሊያንስ በጎፈንድሚ ድረ ገጽ ጥሪ አቅርቦ በአጭር ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

ጎፈንድሚ ገንዘብን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አያስገባም። መጀመሪያ የሚቀበለው በውጭ አገር የባንክ ሒሳብ ያለው አስተባባሪ ነው፤ ወደ ተፈናቃዮቹ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሰጪው በስልኩ ላይ የሚያየው የተሰበሰበው ድምር ሲያድግ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማወቅ የአስተባባሪውን ሪፖርት መጠበቅ አለበት። ታዋቂና የሚታመን ሰው ጥሪውን ሲመራ ብዙ የሚሰበሰበውም በዚህ ምክንያት ይመስላል።

በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በቀን 1 ዶላር እንዲዋጣ ጠይቀው የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ የፕሮጀክት ማመልከቻ ተቀብሎና መርጦ ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ይመቻል፣ ለረሃብ ግን ይዘገያል። የጎፈንድሚው ጥሪ ፈጣን ቢሆንም ምስል ይጠብቃል፤ የጌዴኦ ተፈናቃዮች ምስሉ ከመሠራጨቱ በፊት ለወራት በችግር ላይ ነበሩ።