ወደ ሲና ቁልቁል

ተራራ ይወጣል። ደብረ ሲና ግን ከአዲስ አበባ ለሚነሳ መንገደኛ ቁልቁል ነች። በግእዝ «ደብር» ተራራ ነው። ሲና ደግሞ ሙሴ ጽላቱን የተቀበለበት። ይህን ስም የያዘችው ከተማ ግን ዋናውን ተራራ ከራስጌዋ አድርጋ ገደሉ ወገብ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ወደ እሷ ለመድረስ ጉልበት ሳይሆን ፍሬን ይፈተናል። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃት ምሳ በልቶ የሚያልፍባት ሆና ነው። እኔ ግን አንድ ሌሊት እንድታድሩባት፣ ካደራችሁ ደግሞ ጎረቤቶቿን በየስማቸው እየጠራችሁ እንድትጎበኙ ልመክራችሁ ነው የተነሳሁት። እንዲህ ያለ የስም ጉባኤ ባንድ መንገድ ላይ ተሰልፎ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከላምበረት መናኸሪያ በማለዳ ተነሱ። ሰንዳፋና አለልቱ ካለፉ በኋላ ሸኖ ትመጣለች። ሸኖን የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤት የለም፤ ከተማዋን ግን ያያት ጥቂት ነው፤ ቅቤዋ ቀድሟት ገብቷልና። መርካቶ ውስጥ ቅቤ ነጋዴ «የሸኖ ለጋ ነው» ካለ ዋጋ ጨመረ ማለት ነው። ከሸኖ ቀጥሎ ጫጫ ነች። ስሟን የሰማ የውጭ ሰው የላቲን አሜሪካ ዳንስ ይመስለዋል። ጫጫ ግን በሜዳው ላይ ገብስና በግ የሞላባት፣ ንፋሷ አንገት የሚያስቀብር ቀዝቃዛ ከተማ ነች፤ የሚደንሰው ሰው ሳይሆን ባሕር ዛፉ ነው።

ደብረ ብርሃን ትልቅ ከተማ ስለሆነች በእኔ መሪነት አትጎበኝም፤ ስሟን ብቻ እንያዝ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ወርዶ በመታየቱ እዚህ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው እንደ ተቀመጡ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ከዘመናት በኋላ ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ታወቀች። አንድ ሌሊት ያደረባት ሰው ፋብሪካው ለምን እዚያ እንደተተከለ አይጠይቅም።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ የስሞቹ ጠባይ ይለወጣል። ሙሽ የሚባል ቦታ አለ፤ «ሙሽራ» ሊሉ ጀምረው ሐሳባቸውን የለወጡ ይመስላል። በሙሽ ሸለቆ ከ21 ሚሊዮን ዓመት በፊት የወደቀ ቅጠል ደም ሥሩ ሳይጠፋ በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ ተገኝቷል። ሳይንቲስቶች ያንን ቅጠል እያነበቡ ያኔ እዚህ ምን ዓይነት ደን እንደነበር ያጠናሉ።

ከዚያ ምድሩ ያልቃል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ ደጋው በእርግጥ ያልቃል። ሜዳው እየሄደ እየሄደ ድንገት ይቆረጥና ከሥሩ ይፋት፣ ከይፋት ማዶ የአፋር ሜዳ ይዘረጋል። በዚህ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ቦታዎች ስማቸው በር ነው፦ በሰሜን ጣርማ በር፣ በደቡብ አንኮ በር። ጠርዙ ቅጥር፣ ስሞቹ የቅጥሩ በሮች ናቸው። አንኮበርን የአካባቢው ሰው አንኮ ከምትባል ሴት ጋር ያያይዛታል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻቸውን እዚያ ሲያደርጉ ከቆላው የሚመጣውን ነጋዴም ሆነ ጠላት ከላይ ሆነው ለመቆጣጠር እንደሆነ ቦታው ላይ ቆሞ ያየ ይረዳዋል። በር ያለ በረኛ አይሆንማ።

ጣርማ በር ላይ በሩ እውነተኛ በር ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ድንጋዩን በስቶ መንገድ አሳልፎበታል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ይላል። በሙሶሊኒ ስም ሰይመውት ነበር፤ እኛ ግን ጣርማ በር ብለን ቀጠልን፤ ጥሩ አደረግን። ስትገቡ ሾፌሩ መብራት ያበራል፣ ወሬ ይቆማል፣ ከጣሪያው ውኃ ጠብ ይላል። በዚህኛው አፍ ፀሐይ ጥላችሁ ገብታችሁ በዚያኛው አፍ ጉም ውስጥ ልትወጡ ትችላላችሁ። ያ ጉም ቀልድ አይደለም፤ ከፊት ያለው ከባድ መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ የሚታይበት ቀን አለ። ሾፌሩን «ፍጠን» የሚል ተሳፋሪ ካለ ዝም አሰኙት።

ዋሻው ከመድረሳችሁ በፊት ግን ውረዱ። እዚያው ጠርዙ ላይ የምኒልክ መስኮት የሚባል ቦታ አለ፤ ሁለት ቋጥኝ መካከል የተከፈተ፣ ቁልቁል የሚያሳይ ክፍተት። ንጉሡ ከዚህ ሆነው አገር ይመለከቱ ነበር ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት ስሙ ለቦታው ልክ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ሰው ቤት መስኮት ላይ ተደግፎ ውጭውን የሚያይ ሰው ስሜት ይሰማችኋል፤ ግን ከመስኮቱ በታች ግቢ የለም። ከአጠገባችሁ ጭላዳዎች ይኖራሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ከዝንጀሮ ዘመዶች ሁሉ በዋናነት ሣር እየጋጠ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየነጨ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ሲከት ላየው ሽምብራ እሸት የሚፈለፍል ሰው ይመስላል። ደረቱ ላይ ላባ እንደሌለው የዶሮ አንገት የቀላ ራቁት ቆዳ አለው። ሲመሽ ገደሉ ላይ ወርዶ ያድራል። ምግብ አትስጡት፤ ሣር አለው።

አሁን ደብረ ሲና እንውረድ። የጣርማ በር ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ከዋሻው እስከ ከተማው መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ከተማዋ ከታች ትታያለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና በሌላ ወገን ትታያለች። መኪናው ሲቆም መስኮቱ ሁሉ በቆሎ ይሞላል። የበቆሎ እህል ማለቴ አይደለም፤ የተቆላው ነው። የደብረ ሲና ቆሎ ከደጋው ገብስ ይቆላል። ሴቶቹ በላስቲክ ቋጥረው፣ በሰፌድ ይዘው፣ በጣታቸው ጫፍ ቆመው ወደ ላይ ይዘረጋሉ። ባለፈው ጊዜ አንዷ እናት ሳልጠይቃት እፍኝ ቆሎ መዳፌ ላይ አፍስሳ «ቅመሰው የኔ ልጅ፣ ካልጣመህ አትግዛ» አለችኝ። ጣመኝ። ሁለት ቋጠሮ ገዛሁ፤ ሸዋ ሮቢት ሳልደርስ አንዱ አለቀ። በሶውንም አትለፉት፤ ውኃና ትንሽ ጨው ካለ ምሳ ነው።

ከተማዋ ራሷ ውስጥ ብዙ የሚታይ አለ አልልም። ዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤትና አልጋ ቤት፣ ከኋላ ቁልቁል የሚሄድ ሠፈር። ያልኳችሁ ሌሊት የሚያስፈልገው በማግስቱ በጠዋት ወደ ወፍ ዋሻ ለመሄድ ነው። ይህ ስም ደግሞ ከሁሉም ይጥመኛል። ወፍ ዋሻ ዋሻ አይደለም፣ ደን ነው፤ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ጠርዙን ይዞ ቁልቁል የሚወርድ የተፈጥሮ ደን። ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ አስታ። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ከዚህ ደን ጋር ዝምድና አለው ማለት ይቻላል፦ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻ ሱባን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር ነው የሚል የቆየ ታሪክ አለ። ወፉስ? ወፉም አለ። በዚህ ጠርዝ አካባቢ የሚገኝ፣ በአንኮበር ስም የሚጠራ አንድ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለ፤ ሳይንስ ያወቀው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። እረኞቹ ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ማንም ስላልጠየቃቸው እንጂ።

ወደ ደጋው መልስ ብሎ ከጣርማ በር ወደ መንዝ የሚታጠፈው መንገድ ላይ መዘዞ አለች። መዘዝ የሚባለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ስሟን ሲሰማ ቅር ይለው ይሆናል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በዚያ አካባቢ ኦፓል ተገኘ። ከውጭ ሲያዩት ድንች የሚያህል ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ሲፈለጥ ውስጡ ቡናማ ሆኖ አረንጓዴና ቀይ እሳት ይጫወትበታል። መዘዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የመዘዞ ኦፓል ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ገዢዎች ተማረሩ። በ2000 ዓ.ም. ወሎ ወገልጤና ላይ እምብዛም የማይሰነጠቀው ሲገኝ ገበያው ወደዚያ ዞረ። እንዲህም ሆኖ የመዘዞን ቡናማ ድንጋይ የሚወድ ሰብሳቢ አለ። እዚያው ደጋ ላይ ሰላ ድንጋይም አለች፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበ ወርቅ የተቀመጡባት። የሰላ ድንጋይ፣ የሚሰነጠቅ ድንጋይ፤ ጎረቤታሞች ናቸው።

ከደብረ ሲና ወደ ታች ስትቀጥሉ ደግሞ አርማንያ ትገባላችሁ። አዎ፣ አርማንያ። ከሲና ተነስቶ አርማንያ መግባት በዓለም ካርታ ላይ ብዙ ድንበር ያስሻግራል፤ እዚህ ግን ቆሎው ሳያልቅ ይደረሳል። ስሟን ሰምታችሁ አርመኖችን ካሰባችሁ፣ በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የገቡት አዲስ አበባ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ እንጂ እዚህ ገደል ሥር አልሰፈሩም። አጠገቤ የተቀመጡትን አንድ አዛውንት «አባቴ፣ አርማንያ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መስኮቱን አሳዩኝና «ይኸውልህ ልጄ፣ ይህች ናት አርማንያ» አሉኝ። ተሳፋሪው ሳቀብኝ። የሚገባኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመኪናው ውስጥ ትዕይንት ከውጭው ይበልጣል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው ሰውዬ አርማንያ ላይ ከትከሻው ያወርደዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ጭኑ ላይ ያጥፈዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ተቀምጦበታል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከነበረው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ታች ሽንኩርትና ማሾ። ሮቢት ብቻ ካላችሁ ቆቦ አጠገብ ሌላ ሮቢት አለችና መናኸሪያ ላይ ትሳሳታላችሁ፤ «ሸዋ» የሚለውን አትርሱ።

መንገዱን ወደ ሰሜን ከቀጠላችሁ ሰንበቴ ትመጣለች። ሰንበቴ ስትሉ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ጠላና ዳቦ ትዝ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ አብዛኛው ገበያተኛ ሙስሊም ነው፤ እሑድ በሚቆመው ገበያዋ የታወቀች ነች። ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ከቆላው ደግሞ ግመሉን እየጎተተ አፋሩ ይገናኝባታል። እሑድ ካልሆነ መውረድም አያስፈልግ። ከሰንበቴ ቀጥሎ አጣዬ፣ የኤፍራታና ግድም ዋና ከተማ። ኤፍራታ በመጽሐፍ ቅዱስ የቤተ ልሔም ሌላ ስሟ ነው። እስራኤላውያን ከሲና ተነስተው የተስፋይቱ ምድር ደጃፍ ለመድረስ 40 ዓመት ገደማ ፈጀባቸው፤ እዚህ አውቶቡሱ ካልተበላሸ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ክፉኛ የተቃጠለች ከተማ ስለሆነች ግን ቀልዱን እዚህ አቆማለሁ።

ከአጣዬ ወዲያ ካራ ቆሬና ማጀቴ አሉ። ካራ ቆሬ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው የራሱን ሠፈር ያስባል፤ በኦሮምኛ ካራ መንገድ፣ ቆሬ እሾህ ነው። ማጀቴን ግን የሰማ ሁሉ ማጀት ትዝ ይለዋል፤ ድስትና እንስራ የሚቀመጥበት፣ እንግዳ የማይገባበት ክፍል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ ለሳምንታት የዘለቀ ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከሰተ። ማጀቴ ፈራረሰች፣ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። ጠርዙን ያቆመው፣ በሮቹን የከፈተው፣ ጉሙን የሚያስነሳው ያው የስምጥ ሸለቆው ስብራት ነው፤ ሥራውን ገና አልጨረሰም።

ለመሄድ የሚሻለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ መስኮቱ ጉም የማይበዛበት ጊዜ። የጸጥታው ሁኔታ በቅርብ ዓመታት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታልና ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ሳምንት የተመለሰ ሾፌር ጠይቁ። ጋቢ ያዙ፤ ከሥሩ ግን ስስ ሸሚዝ ልበሱ። ቆሎውን ደግሞ ስትመለሱ ሳይሆን ስትሄዱ ግዙት፤ ማታ ደብረ ሲና ስትደርሱ ሻጮቹ ቤታቸው ገብተዋል።